የወንዙ ገጽ

ሰኞ፣ ክረምት መግቢያ

ትናንት ኢንተርኔት ላይ ያለው የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ገጻችን ወደቀ። ላይኛው ሸለቆ ላይ ዝናቡ ሲበረታ ከወንዙ ግራና ቀኝ ያለው ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ እኛን ከፈተ። ውሃው የት ደርሷል፣ አረንጓዴ ነው፣ ቢጫ ነው ወይስ ቀይ? አረንጓዴ ከሆነ ሰው ይተኛል። ቢጫ ከሆነ ዕቃውን ከፍ ከፍ አድርጎ ይጠብቃል። ቀይ ከሆነ ልጆቹን ይዞ ይወጣል። የእኔ ሥራ እንግዲህ ይሄ ነው፤ ሦስት ቀለም የሰው ስልክ ላይ ማድረስ። ትናንት አላደረስኩም። ገጹ ላይ የምትሽከረከር ክብ ብቻ ነበረች።

አለቃችን ጠዋት ኮቱን ሳያወልቅ መጥቶ ጠረጴዛዬ ጋ ቆመ።

«የምትጠይቂኝ አዲስ ማሽን ከሆነ፣ ክረምቱ ሳይወጣ አይመጣም።»

«ማሽን አልጠየቅኩዎትም።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ማሽኑ ደህና ነው፤ የማይረባ ሥራ እያሠራነው ነው እንጂ። ይህን ሳምንት ይስጡኝ።»

ነገሩ ቀላል ነው። ገጹ ላይ ያለው የወንዙ ካርታ ከባድ ስለሆነ በደካማ ኔትወርክ እንዲያልፍ ተጨምቆ ነው የሚላከው። ገጹን ለሰው የሚያድለው ማሽን፣ ሰርቨራችን፣ ግን ያንኑ ካርታ ለእያንዳንዱ ጠያቂ እንደ አዲስ ይጨምቀዋል። ሺህ ሰው ሲመጣ ሺህ ጊዜ። ትንፋሽ የሚያጥረው ለዚህ ነው። አንዴ ጨምቆ አስቀምጦ የመጣውን ሁሉ ከተዘጋጀው ማስተናገድ እየተቻለ።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኩት። ቤታችን ሥር ላውንደሪ አለው። «ደንበኛው በር ላይ ቆሞ እየጠበቀ ነው እንዴ ሸሚዙን የምትተኩሱለት?» ብሎ ሳቀብኝ። ሐሳቡ የእኔ ነው፤ ምሳሌው የሱ ይሁንለት።

ረቡዕ

አለቀ። እያንዳንዱ ፋይል አጠገቡ የተጨመቀ መንትያ አለው። የሰርቨሩ ማዘዣ ላይ የጨመርኩት አንድ መስመር ነው፦ መንትያው ካለ እሱን ስጥ፣ ከሌለ ዋናውን። የሰዉ ስልክ ሲጠይቅ «የተጨመቀ እቀበላለሁ» ብሎ ነው የሚመጣው፤ የዛሬ ስልክ ሁሉ እንደዚያ ይላል። ያላለ ቢመጣ ዋናው ይሰጠዋል። ማንም ባዶ እጁን አይመለስም።

በየሰዓቱ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ተነስቶ የተለወጠውን እንደገና ይጨምቃል። በየሰዓቱ ያደረግኩት ጋሽ ሜትር ቁጥሩን የሚልኩት በየሰዓቱ ስለሆነ ነው። ጋሽ ሜትር የምንላቸው የላይኛው ድልድይ ላይ ሆነው የውሃውን ከፍታ የሚለኩትን ሰውዬ ነው። የማዕረግ ስማቸው ረጅም ነው፣ ማንም አይጠራበትም።

ዓርብ

ዘነበ። ሰው ጎረፈ። ገጹ ንቅንቅ አላለም።

ማሽኑ እንዲያውም ሥራ የፈታ ይመስል ነበር። አለቃችን ግድግዳው ላይ ያለውን ትልቁን ስክሪን አየ፣ እኔን አየ፣ «ምን አደረግሽው?» አለ። «አሳረፍኩት» አልኩ። ስለ ሰርቨር የማያውቅ ሰው ፊት እንዲህ አጭር መልስ ሲኖረኝ ደስ ይለኛል፤ መደበቅ አልችልም።

እሁድ

ታላቅ እህቴ ደወለች። ከወንዙ በታችኛው ዳር፣ ከዶሮ ቤቷ ጋር ነው የምትኖረው። እማዬም እሷ ጋ ናት። እማዬ ጉልበቷን ካመማት ወዲህ ከወንበር ለመነሳት ሰው ያስፈልጋታል።

«እታለም፣ ለክረምቱ እንኳ እማዬን እኔ ጋ ላኪያት» አልኳት።

«አንቺ ጋ ማን ሊያያት? ቀኑን ሙሉ ሥራ ነሽ።»

«እዚያ ውሃው አፍንጫዋ ሥር ከምትቀመጥ ይሻላል።»

«ውሃው የት እንዳለ የምትነግሪን አንቺ አይደለሽ? ወይስ ገጽሽን አንቺም አታምኚውም?»

አምነዋለሁ አልኳት። «ቢጫ ካለሽ ጠብቂ፣ ቀይ ካለሽ ውጪ። ሌላ ምንም አታስቢ።» እንዲህ ብዬ ነው የነገርኳት። አምኜ ነው ያልኩት።

ከዚያ ስልኩን ለእማዬ አቀበለቻት። እማዬ መቼ እንደምመጣ ጠየቀችኝ። ዝናቡ ጋብ ሲል አልኳት። ስልኩን ዘግታው ስላልነበር የእታለም ድምፅ ከኋላ ተሰማኝ። «የምትመጣ መስሎሽ ነው?» አለቻት።

ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። በአውቶቡስ እኮ ሩቅ አይደለም።

ማክሰኞ

ጋሽ ሜትር ከድልድዩ ሲመለሱ የዝናብ ልብሳቸው ውሃ እያንጠባጠበ መጡብኝ። ወለሉን አራሱት።

«ሚጢ፣ ያ ገጽ ዘግይቷል።»

ሚጢ የሚለኝ ቤተሰቤ ብቻ ነበር። አንድ ቀን እታለም ቢሮ ስትደውል ሰምተው ያዙት።

«አይዘገይም ጋሼ።»

«ውሃው ሲፈጥን እኔ ሰዓት አልጠብቅም፣ በየሩብ ሰዓቱ ነው የማስገባው። ዛሬ አዲሱን ካስገባሁ በኋላ ስልኬን ብከፍተው ያው የበፊቱ ነው።»

«ስልክዎ አርጅቷል። የድሮውን አስቀምጦ እያሳየዎት ነው።»

«ስልኬ ማርጀቱንስ አርጅቷል» አሉና ሄዱ።

ለማንኛውም አየሁት። ከራሴ ኮምፒውተር፣ ጥቁሩ መስኮት ላይ ትእዛዝ ጽፌ ገጹን ከሰርቨሩ ጠየቅኩት። የመጣው አዲሱ ቁጥር ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ስክሪንም አዲሱን ነው የሚያሳየው። ስለዚህ ስልካቸው ነው።

ሐሙስ

ደግሜ አየሁት። ትክክል ነው።

ሐሙስ፣ ከምሳ በኋላ

ትክክል ነው አልኩ እኮ። ለምን እንደማየው አላውቅም።

ቅዳሜ

ግማሽ ቀን። ሳልወጣ ኮሪደሩ ላይ ጋሽ ሜትር ለአለቃችን ሲያወሩ ሰማኋቸው። «ሥራዋን ታውቃለች። ሲነግሯት ግን አትሰማም።» ሥራዋን ታውቃለች ማለታቸው ደስ ይላል። ከሳቸው አፍ እንዲህ ያለ ነገር ብዙ አይወጣም።

ባለቤቴ ይህን ስነግረው ብረት ምጣዱን ማሸት ቀጠለ።

ማክሰኞ፣ ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ጥቁር

ላይኛው ሸለቆ ሌሊቱን ሙሉ ዘንቧል። ጋሽ ሜትር ሳይነጋ ድልድዩ ላይ ናቸው። ሰው ገጹን እየከፈተ ነው፣ እስከ ዛሬ አይተን የማናውቀውን ያህል። ማሽኑ ደህና። ቢጫ።

በኋላ እጽፋለሁ።

ቀይ ሆነ። ስክሪኑ ቀይ ነው። እታለም እየደወለች ነው

ረቡዕ

አሁን ቁጭ ብዬ መጻፍ እችላለሁ። ትናንት የሆነውን እንዳለ አስቀምጠዋለሁ።

ጋሽ ሜትር ቀዩን ያስገቡት ከሰዓት በኋላ ነው። ግድግዳው ቀይ ሲሆን ክፍሉ ውስጥ ያለን ሁሉ ቀና አልን። ብዙም ሳይቆይ ስልኬ ጠራ፤ እታለም።

«ሚጢ፣ ቢጫ ነው አይደል? ትንሽ ልቆይ እችላለሁ?»

«ምን ቢጫ፣ ቀይ ነው። ገጹን እንደገና ክፈቺው።»

«አሁን እኮ ነው የከፈትኩት። እየደጋገምኩ እየከፈትኩት ነው። ቢጫ ነው።»

ስልክሽ ነው ልላት አፌን ከፈትኩ። ስልኩን ግን የገዛሁላት እኔው ነኝ፣ ገና አዲስ ነው። ቀና ብዬ ግድግዳውን አየሁ። ቀይ። ከእታለም ጀርባ ዶሮዎቹ ሲንጫጩ ይሰማኛል።

ያኔ ገባኝ። ጥቁሩ መስኮት ላይ ገጹን ስጠይቅ «የተጨመቀ እቀበላለሁ» አልልም። ስለዚህ ሰርቨሩ ሁልጊዜ ዋናውን ነው ሲሰጠኝ የኖረው። የግድግዳው ስክሪንም ዋናውን በቀጥታ ነው የሚያነበው። ዋናው ምንጊዜም ትክክል ነው። ሰዉ የሚያየው ግን መንትያውን ነው፤ መንትያው የሚታደሰው ደግሞ ሰዓቱ ሲሞላ ብቻ ነው። ሰርቨሩ መንትያው ከዋናው ወደ ኋላ ይቅር አይቅር አይመረምርም። አለ ወይስ የለም ነው የሚያየው። ካለ ይሰጣል። እንዲህ አድርግ ያልኩት እኔ ነኝ።

ወንዙ ዝግ ሲል ሁለቱ እኩል ይሄዳሉ። ሲፈጥን ነው የሚለያዩት። ገጹ የሚያስፈልገው ደግሞ ያኔ ነው።

«እታለም፣ ስልኩን ተይው። ገጹን አትመኚው። አሁኑኑ እማዬን ይዘሽ ውጪ።»

«ዶሮዎቹን...»

«ዶሮዎቹን ተያቸው።»

እንዲህ ባለ ድምፅ አናግሬያት አላውቅም። ዘጋችው።

መጀመሪያ የመጣልኝ የጨመርኩትን መስመር ማጥፋት ነበር። ባጠፋው ግን ያ ሁሉ ሰው ባንዴ ማሽኑ ላይ ይወርድና ማንም ምንም አያይም፤ ቢጫም ቀይም። ስለዚህ መንትዮቹን በእጄ እንደገና አስጨመቅኳቸው። በጎን ሌላ ስም ሰጥቼ አዘጋጀሁና ሲያልቁ በአሮጌዎቹ ቦታ ተካኋቸው፤ በመሀል የከፈተ ሰው ግማሽ ፋይል እንዳያገኝ። ከዚያ በዚህኛው ጊዜ «የተጨመቀ እቀበላለሁ» ብዬ ጠየቅኩ። ቀይ መጣ። ቀጥሎ መጭመቁን ከሰዓቱ ፈትቼ ከጋሽ ሜትር ቁጥር ጋር አሰርኩት። ቁጥር በገባ ቁጥር ያኔውኑ ይጨመቃል። ከመጀመሪያው እንዲህ መሆን ነበረበት። ጊዜም አልወሰደብኝም፤ የሚያናድደኝ እሱ ነው።

አለቃችን ከኋላዬ ቆሞ ነበር።

«ተስተካከለ?»

«ገጹ ተስተካክሏል። ለሰዉ መናገር አለብን።»

«ከተስተካከለ ምኑን ነው የምንናገረው?»

«ቢጫ አይተው ስልካቸውን ኪሳቸው የከተቱ አሉ። ቢጫ ነው ብለው ሥራቸውን ቀጥለዋል። እነሱ ደግመው አይከፍቱትም።»

መነጽሩን አውልቆ በክራቫቱ ጠረገው። «ገጻችን ተሳስቶ ነበር እንበል ነው የምትይኝ። በዚህ ቀን። ከነገ ወዲያ ማን ያምነናል?»

«ነገ እንዲያምኑን ዛሬ መውጣት አለባቸው። ተሳሳተ ይበሉ። ከፈለጉ የእኔን ስም ይስጡ።»

መነጽሩን መልሶ አደረገ። ሰውዬው ፈሪ ነው ብዬ ነበር የማስበው። ትናንት ግን ስልኩን ያነሳው ራሱ ነው። ለሬዲዮ ጣቢያው ደወለና ቃል በቃል እንዲህ አለ፦ «ገጻችን ላይ ቢጫ ያያችሁ፣ ስህተቱ የእኛ ነው። ቀይ ነው። ውጡ።» የማንንም ስም አልጠራም። ከዚያ የታችኛውን ዳር የሰፈር ኃላፊዎች ተከፋፍለን ደወልን። እኔ የደረሱኝን ሁሉ አዳረስኩ። አንዱ ኃላፊ «አንዴ ቢጫ አንዴ ቀይ፣ ምናችሁን እንመን?» አለኝ። «ይህን የስልክ ጥሪ ይመኑ» አልኩት።

ውሃው ሊመሽ ሲል ደረሰ።

ሐሙስ

የሞተ የለም። ደጋግሜ ጠየቅኩ፤ የለም።

አንድ ጡብ ሠሪ ግን ሌሊቱን የጡብ ማቃጠያ ምድጃው ጣሪያ ላይ አድሯል። ጠዋት በጀልባ አወረዱት። ቢጫ አይቶ ነው አሉ ያልተቃጠለ ጡቡን ሸራ ሊያለብስ የወረደው።

እታለም በአጭሩ ጻፈችልኝ። ደህና ነን፣ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ነን፣ ዶሮዎቹ የሉም።

ጋሽ ሜትር ከድልድዩ እንደወረዱ በቀጥታ ወደ ጠረጴዛዬ መጡ። ዓይናቸው ቀልቷል። ልናገር ብዬ ተነሳሁ። «ቁጭ በይ» አሉኝ፣ «ነገ ቁጥር ሳስገባ አብረሽኝ ድልድዩ ላይ ሁኚና በእኔ ስልክ እዪው።» ስልክዎ አርጅቷል ያልኳቸውን አላነሱብኝም። ቢያነሱብኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ

ድልድዩ ላይ ነበርኩ። ነፋሱ ዣንጥላ አያስይዝም። ቁጥሩን አስገቡ፣ በአሮጌ ስልካቸው ከፈትነው፤ አዲሱ ነው። እንደገና፤ አዲሱ ነው። እኔ በቃኝ ብልም እሳቸው ሊተዉኝ አልፈለጉም። እርጥብ ሆኜ ተመለስኩ።

እሁድ

ሄድኩ። አውቶቡሱ በእርግጥም ሩቅ አይደለም።

አዳራሹ ውስጥ ፍራሽ ለፍራሽ ተያይዟል። እማዬ ጥግ ላይ ወንበር አግኝታ እግሯን ካርቶን ላይ ሰቅላለች። ሳመችኝ፣ ፊቴን በእጇ ይዛ አየችኝ፣ «ከስተሻል» አለች። ሁልጊዜ የምትለው ነው።

«እማዬ፣ ያን ቀን ደነገጥሽ?» አልኳት። «እታለም ይዛሽ ስትወጣ።»

«እኔን? እኔማ ከጠዋቱ ነው የመጣሁት። ጎረቤቶቻችን በፒክአፕ ሲወጡ ቦታ አለ አሉኝ። እሷ ናት ለዶሮዎቿ የተመለሰችው።»

እታለም ውሃ ቀድታ እየመጣች ነበር። ጀሪካኑን አስቀመጠችና እማዬን በዓይኗ ገሠጸቻት።

«እማዬ ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ናት?» አልኳት።

«አዎ።»

«እና ስትደውዪልኝ...»

«የደወልኩልሽ ለራሴ ነው። ቢጫ ነው ብትይኝ ቆይቼ ዶሮዎቹን በኬሻ ላወጣቸው ነበር። ግማሹን ይዤ ነበር እኮ።»

«እማዬን ይዘሽ ውጪ ስልሽ እዚህ ናት አላልሽኝም።»

«ለክርክር ጊዜ ነበረኝ? ከወጣሁ በኋላ ዞር ብዬ አየሁ። ቆሜበት የነበረው ቦታ ውሃ ሆኗል።» እጇን በቀሚሷ አደረቀች። «ለምን አልነገርሽኝም ካልሽ፣ ገጽሽን ሳላይ እማዬን አወጣሁ ብልሽ ምን እንደምትዪኝ አውቃለሁ።»

ምን እል እንደነበር እኔም አውቃለሁ።

አጠገቧ ፍራሽ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ስህተቱ የእኔ እንደነበር ነገርኳት፤ መንትያው፣ ሰዓቱ፣ ጋሽ ሜትር ነግረውኝ አለመስማቴ። ሁሉንም። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። «ሬዲዮ ላይ የእኛ ስህተት ነው ሲል ሰማሁት» አለች። «አንቺ ነሽ ያስባልሽው?»

«አለቃችን ነው ያለው።»

«እሱን አልጠየቅኩሽም።»

እማዬ ጀሪካኑን በእግሯ ገፋ አድርጋ «በሉ በቃ፣ ውሃ ስጡኝ» አለች።

እማዬን ይዣት መጣሁ። ቤታችን ሥር ላውንደሪው ስላለ ቀኑን ሙሉ ሰው አጠገቧ አይጠፋም፤ ይህን ከክረምቱ በፊት ለእታለም መንገር ነበረብኝ። እታለም አውቶቡሱ ድረስ ሸኘችን። ቤቷ እስኪደርቅ እሷም ትምጣ ብዬ ጠየቅኳት። «እሺ» ማለትም «እምቢ» ማለትም አልፈለገችም፤ «ፍራሽ አለሽ?» አለችኝ። አለኝ አልኳት።

ረቡዕ

ጡብ ሠሪው ዛሬ ቢሮ መጣ። ዘበኛው ደውሎ «አንድ ሰውዬ ገጹን የሠራችውን ሴት ነው የምፈልገው ይላል» አለኝ። አለቃችን ራሱ ሊያናግረው ፈለገ። እኔ ወረድኩ።

ትልቅ ሰው ነው፣ ከባለቤቴ ይበልጣል። እጆቹ ጭቃ የጠገቡ ናቸው። ተቀመጥ ብለውት አልተቀመጠም። እኔም ቆምኩ።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ቢጫ ነበር።»

«ቀይ ነበር። ስልክዎ ላይ ቢጫ ያሳየው በእኔ ስህተት ነው። አሮጌውን ነው ያቀበልኩዎት።»

ሰበብ የሚጠብቅ ይመስለኛል፤ ስላላገኘ ትንሽ ግራ ገባው። ወደ ላይ ይዤው ወጣሁና ግድግዳውን አሳየሁት። ስልኩን አውጥቶ ከፈተው። ግድግዳውም አረንጓዴ፣ ስልኩም አረንጓዴ። «ይሄ ምንም አይነግረኝም» አለ። ልክ ነው፣ አይነግረውም። «ያን ቀንም ቀለም አሳይቶኝ ነበር። የመቼ እንደሆነ ግን የት አለ? ዕቃ እንኳ ስትገዢ የተሠራበት ቀን ይጻፍበታል።»

ዞሬ ገጹን አየሁት። እውነትም የትም የለም። ንጹሕ እንዲሆን ብዬ ነው ሰዓት ያላስገባሁበት። ክረምቱን ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ትዝ አላለኝም።

«ይቀመጡ» አልኩት። በዚህኛው ተቀመጠ።

አጠገቤ ተቀምጦ እያየ ሠራሁት። ከቀለሙ በታች፣ በጉልህ፦ ይህ ቁጥር የተለካው በዚህ ሰዓት ነው። ፊደሉን አንዴ «አነሰ» አለኝ፣ አተለቅኩት። ጋሽ ሜትር ጋ ደውዬ አዲስ ቁጥር እንዲያስገቡ ጠየቅኳቸው። ግድግዳው ተለወጠ። እሱ ግድግዳውን አላየም፣ ስልኩን ነው ያየው። ከፈተው። ከስልኩ ወደ እጅ ሰዓቱ፣ ከእጅ ሰዓቱ ወደ ስልኩ ተመለከተ።

«አንቺን ሁለተኛ አላምንሽም» አለኝ። ቁጣ አልነበረበትም።

«ሰዓቱንስ?»

«ሰዓቱን አያለሁ።»

«እኔም የምፈልገው እሱን ነው።»

ስልኩን ደረት ኪሱ ከተተ። ጡቡን ዛሬ ከሰዓት እንደሚያሰጣ ነገረኝ፣ ሰማዩ ከፈቀደ። በመስኮቱ ወደ ውጪ አየን። ፈቅዷል። ደረጃውን ከመውረዱ በፊት አንዴ ቆም ብሎ ስልኩን አወጣና ደግሞ ከፈተው። እስኪጨርስ ጠበቅኩት።